ይለምዳል ያልኩት ጥርስ

ይድረስ ለውድ ዋርሳዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም እንደ ግትር በቅሎ መሀል መንገድ ላይ ይቆምብሻል? ዶሮዎችሽ፣ ጎረቤትሽ፣ ያቺ የምታኮርፈው ድመትሽ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው ብዬ ልመን። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ እንደ ሌላው ጊዜ የወረቀት ማሟሻ አይደለም። የእውነቴን ደኅና ነኝ። እንዴት ደኅና እንደሆንኩ ልነግርሽ ነው በዚህ እጄ ብዕር የጨበጥኩት።

ፊደሌን ታውቂዋለሽ። የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው፣ ያውም እህትሽ እየሳቀችብኝ። ስለዚህ አንዱ ፊደል ወደ ጓሮ አንዱ ወደ ደጅ ቢያይ አትፍረጂ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። ምራቴ በስልክ ይንገሯት ብላኝ ነበር። በስልክ ነገር ይቆረጣል። ደግሞ ብታለቅሺ እሰማሻለሁ፤ በወረቀት ከሆነ አልሰማሽም። እሺ እንግዲያው እኔ ልጻፍልዎት አለችኝ። እምቢ አልኩ። ስለ እሷም የሚነገር አለበት፣ እንዴት አድርጋ ትጻፈው?

ሣጥኑ እንደ ደረሰሽ ልጄ ነግሮኛል። የላክሽብኝንም ቃል አንድ ሳይቀንስ አድርሶልኛል፤ ሾፌር ሲባል ዕቃ እንጂ ስድብ ሲያደርስ ያየሁት የእኔን ልጅ ነው። ምን በድላህ ነው እህቴን ከቤትህ ያስወጣሃት ብለሻል። ፎቶዋንና ሻሿን፣ መቀሷንም ጨምሬ ስልክልሽ እንደዚያ ማለትሽ አይፈረድብሽም። እኔም ቤት ጠበበኝ ብዬ መለስኩልሽ። ቤቱ አልጠበበም። የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ፣ መነጽርሽን አድርጊና ተቀመጪ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የበግ አጥንት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ምስማር በአፌ ይዤ ሶል ስመታ የኖርኩ ሰው፣ በአንድ እሑድ ምሳ ላይ በአጥንት ተረታሁ። በቀኝ በኩል ያለችው ትልቋ መንጋጋዬ ለሁለት ተፈረከሰች። ግማሿን ተፋኋት፣ ግማሿ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ምላሴን ትቆርጠኝ ጀመር። መቻል አቃተኝና ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሟ ልጅ ናት። አፍና አፍንጫዋ ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ደግሞ ሰው የማውቀው በጫማው ስለሆነ ወደ ታች አየሁ። ነጭ ሸራ ጫማ ነው፤ የቀኝ ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቷል። ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ወደ አንድ ጎኗ አዘንብላ የምትውል ናት ማለት ነው። ሠራተኛ ናት አልኩና አፌን ከፈትኩላት። አደነዘዘችኝ። የቀረችውን ጥርስ ዙሪያዋን ሞርዳ እንደ ችካል አደረገቻት። ከዚያ ሊጥ የመሰለ ነገር አፌ ውስጥ አስነክሳ የጥርሴን ቅርጽ ወሰደች። ይሄማ ፎርማ ነው አልኩ በሆዴ። ፎርማ መቼም አይጠፋሽም፤ ጫማ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት፣ እህትሽ በር እንዳይዘጋ ታስደግፍበት የነበረው። የእኔኑ ሥራ ነው የምትሠራው ብዬ ወደድኳት።

በሌላ ቀን ስመለስ ተሠርቶ ጠበቀኝ። እነሱ ክራውን ይሉታል፣ እኔ ቆብ ብየዋለሁ። የተሞረደችው ጥርስ ላይ ይደፋና ይጣበቃል፣ በቃ። ከመጣበቁ በፊት ሰማያዊ ወረቀት አስገብታ ይንከሱ አለችኝ። ነከስኩ። ከፍ ይልብዎታል አባት? አለችኝ። ልክ ነው አልኩ። ግራና ቀኝ ያፋጩት፣ ይጎረብጣል? ልክ ነው ልጄ። እርግጠኛ ነዎት? አንድ ነገር ሁለቴ ስጠየቅ አልወድም። እኔ ሥራሽን አክብሬ ልክ ነው ስል አንቺ ለምን ታረክሺዋለሽ አልኳት። ሳቀች፣ አጣበቀችው።

እውነቱን ልንገርሽ? አፌ ደንዝዞ ስለነበር ልክ ይሁን አይሁን በምን አውቄ። ከንፈሬ ራሱ የሌላ ሰው ነበር የሚመስለኝ። ግን ደንበኞቼ ትዝ አሉኝ። ገና በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጣታቸው እንኳ ሳይገባ፣ ጠበበኝ የሚሉትን ታውቂያቸዋለሽ። እንዴት እንደማልወዳቸው። ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ፤ ይለምዳል። ቆዳ ነው፣ ሂድበት፣ ከሰነበተ ጓንት ይሆንልሃል። ደግሞም ይሆናል፤ ተመልሶ የመጣብኝ ጥቂት ሰው ነው። እህትሽ ግን ያልተመለሱት ሌላ ጫማ ሰፊ ጋ ሄደው ነው ትለኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።

ቤት ገብቼ ማደንዘዣው ሲለቀኝ አፌን ገጠምኩ። አልገጠመም። ያቺ ቆብ ቀድማ ትደርሳለች፣ ሌሎቹ ጥርሶች እንዳይገናኙ መሀል ላይ ትገተራለች። ጫማ ውስጥ ጠጠር ይዘሽ መንገድ ሄደሽ ታውቂያለሽ? እሱ ነው፣ ግን ጫማውን አውልቀሽ አታራግፊውም። ይለምዳል አልኩ። ሰነበተ። ይለምዳል አልኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ እንደ ወስፌ ይወጋኝ ጀመር። ምግብ ጠርዟ ሥር እየገባ ድዴ አበጠ። ከዚያ ሕመሙ መንጋጋዬን ይዞ ወጣ ወጣና ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እኔም በግራ በኩል ብቻ እንደ ሽማግሌ ፍየል ማኘክ ያዝኩ። ሥጋ ተውኩ። የዳቦ ጫፍ ተውኩ። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከርኩ እውጥ ጀመር።

ምራቴን ታውቂያታለሽ፣ እጇ ምግብ ያውቃል። ልጄ መንገድ ለመንገድ ስለሚውል ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ልጇንም እኔንም። ሳህኔን ገፋ ባደርግ ጨው በዛ አባባ? ትለኛለች። አልበዛም እላለሁ። አነሰ? አላነሰም። አልበሰለም? በስሏል ልጄ፣ አልራበኝም። በነጋታው ጨው ትቀንሳለች፣ በሦስተኛው ትጨምራለች። አንድ ቀን በግድግዳ በኩል ለእናቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። የሟቿን እጅ ነው የሚፈልጉት፣ የእኔ አይወርድላቸውም ትላለች። ድምፅዋ ተሰብሯል። ተነሥቼ ልጄ፣ ጥርሴ ነው ብላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልተነሣሁም። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ነገሩ ጥርስ መሆኑ ቀርቶብኝ ነበር።

ምን ሆነ መሰለሽ፤ ጠዋት ቁጭ ብዬ ዳቦ ሻይ ውስጥ ስነክር እጄን አየሁት። ያንን አነካከር ሌላ እጅ ላይ አይቼው አውቃለሁ። ዳቦውን በሁለት ጣት ይዞ፣ እስኪርስ ጠብቆ፣ ሳይንጠባጠብ ቶሎ ወደ ግራ ጉንጭ። እህትሽ እንዲህ ነበር የጀመራት። አብረን ነበርን፣ አንቺም አልረሳሽውም። መጀመሪያ በቀኝ በኩል ማኘክ ተወች። ቀጥላ ጆሮዬን አለች። ድዷ ላይ ቁስል ወጣ። ጥርስ ነው አልን፣ ጥርሷን አስነቀልን። ጥርስ አልነበረም። የቀረውን አልጽፈውም፤ እኔም ልጽፈው አንቺም ልታነቢው አቅም የለንም።

በቀኝ በኩል። ጆሮ። በመስታወት ጉንጬን ገልብጬ ሳይ ድዴ ላይ ቁስል። ምላሴ ሌላ ሥራ የላትም፣ ቀን ከሌት እዚያ ሄዳ ትዳስሰዋለች። ይሄ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አውቃለሁ፣ ያኔም ነግረውናል። ግን ዕድሜ ልክ ከአንድ ሳህን የበላ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣበት ዕውቀቱን ምን ያደርገዋል? ሐኪም ጋ ብሄድ የሚሉኝን አውቀዋለሁ። የማውቀውን ለመስማት ወረፋ አልይዝም አልኩ።

ለማንም ሳልናገር ቤት ማስተካከል ጀመርኩ። ጣራው የሚያፈስበትን ደፈንኩ። የበሩን ማጠፊያ ቀየርኩ። ምራቴን ጠርቼ ቧንቧ ቢፈነዳ ውሃው ከየት እንደሚዘጋ አሳየኋት፤ እርስዎ እያሉልኝ ምን አስቸኮለዎት አለችኝ፣ ማወቅ አይከፋም አልኳት። የእህትሽን ነገሮች ደግሞ ሰው ሳያውቃቸው የትም እንዳይወድቁ ሣጥን ውስጥ አድርጌ ላንቺ ላክሁ። ይኸው ነው የጠበበው ቤት።

ከዚያ ቆዳ አወጣሁ። ለደኅና ሥራ ይሆናል ብዬ ያስቀመጥኩት ቡናማ ቆዳ ነበረኝ። ለልጅ ልጄ ጫማ ሰፋሁላት። አንድ ለአሁን፣ አንድ ለሚመጣው ዓመት፣ አንድ ከዚያ ለሚቀጥለው። እጄ ሥራ ሲይዝ ሕመሙን ይረሳዋል፣ ስለዚህ ቀጠልኩ። የልጅቱ እግር ቁርጥ የእህትሽ እግር ነው፤ ጣቷ ጋ ሰፊ፣ ተረከዟ ጋ ጠባብ። ስለዚህ ወዴት እንደሚያድግ አውቃለሁ፣ አልተቸገርኩም። ለመጨረሻው፣ ትልቅ ሴት ስትሆን ለምታደርገው፣ በእህትሽ ፎርማ ነው የወጠርኩት። ሁሉንም በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ደረደርኳቸው።

ምራቴ ቤት ስትጠርግ አገኘቻቸው።

ከውጭ ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዎቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ አሰልፋቸዋለች፣ መጥረጊያው ወድቋል። ይሄ ለማን ነው አባባ? አለችኝ ትንሹን አንሥታ። ለልጅቱ አልኳት። ይሄስ? ለልጅቱ። ይሄስ ትልቁ? ለልጅቱ ነው አልኩሽ፣ እግር አያድግም እንዴ? ትልቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሲያድግ እርስዎ የት ሊሄዱ ነው? አለችኝ።

መልስ ሳጣ እንደምቆጣ ታውቂያለሽ፤ የሰው አልጋ ሥር ምን ያስገባሻል ብዬ ጮህኩባት። አልደነገጠችም። የት ሊሄዱ ነው አባባ? አለች ደግማ። እጄ ሳላዘው ወደ መንጋጋዬ ሄደ። ያን ጊዜ ገባት። እህትሽን ያስታመመችው አብራን አይደል? ተነሥታ የስልኳን መብራት አበራች፣ አፍዎን ይክፈቱ አለችኝ፣ እንደ ሕፃን ከፈትኩላት። አየችና መብራቱን አጠፋች። ከዚያ ያወረደችብኝን አልነግርሽም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ጨው አነሰው፣ ጨው በዛው እያልኩ ራሴን ስበላ እርስዎ አፍዎን ዘግተው ያዩኛል? አለች። የባሌን እናት እጅ መተካት አቃተኝ እያልኩ ሳለቅስ እርስዎ ጫማ ይሰፋሉ? አለች። ልክ ናት።

ጫማዎን ያድርጉ አለችኝ። ነገ እንሄዳለን አልኩ። ዛሬ አለች። ደክሞኛል አልኩ። እንግዲያው ልጅዎን እጠራዋለሁ፣ ተሸክሞ በሰፈሩ መሀል ያሳልፍዎታል አለችኝ። እኔ ሞትን ልቀበል የተሰናዳሁ ሰው፣ በልጄ ጀርባ ታዝዬ ጎረቤት እንዲያየኝ ግን አልተሰናዳሁም። ጫማዬን አደረግኩ።

ሐኪሟ ዘንድ ምራቴ ሳትጠራ አብራኝ ገባች። እኔ ይኸው ለመናገር ያቃተኝን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ባለቤታቸው በዚህ በሽታ ነው የሞቱት፣ እሳቸውም ያው ነው ብለው ተቀምጠዋል፣ ምግብ ካቆሙ ቆይተዋል አለቻት። ሐኪሟ ጨዋታዋን ተወች። ወንበሩን አስተኛችና መብራቱን አወረደች። ምላሴን አንሥታ ሥሩን በጣቷ ዳሰሰች። ጉንጬን ከውስጥም ከውጭም፣ አንገቴን ግራና ቀኝ፣ ከመንጋጋዬ ሥር ጫን እያደረገች። ትዝ ይልሽ እንደሆነ እህትሽን የመረመረው ሐኪም እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ነበር ዝም ያለው። የእሱን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ይቺ ግን ዝም አላለችም። እየዳሰሰች ታንጎራጉራለች። ያላወቅኩት ዘፈን ነው፣ ቃሉ አይሰማም፣ ግን እባክሽ አታቋርጪው እላለሁ በሆዴ።

ሰማያዊውን ወረቀት አስነከሰችኝ፣ አየች፣ ወንበሩን ቀና አደረገችው። አባት፣ ክፉ ነገር የለብዎትም አለችኝ። ክራውኑ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ የሚነክሱት በእሱ ብቻ ነው። መንጋጋዎ ከእሱ ጋር ሲታገል ይውላል፣ ጆሮዎ ድረስ የሚያምዎት እሱ ነው። ጠርዙም በደንብ አልተቀመጠም፣ ድድዎን እየፈገፈገ አቁስሎታል። ጠባብ ጫማ ተረከዝ እንደሚያቆስለው ይሁንልዎት አለችኝ።

ምን አልሽ ልጄ? አልኳት፣ ጆሮዬን አስጠግቼ።

ክፉ ነገር የለብዎትም፣ ክራውኑ ነው አለች ጮክ ብላ።

ጆሮዬ ደከም ብሏል መሰለኝ፣ ምን አልሽ?

እንደገና አለችልኝ፣ አሁንማ ውጭ ያለው ወረፋ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ምራቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ጀርባዋን ሰጠችን። ዋርሳዬ፣ እኔ የመጀመሪያውንም ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ ምንም አልሆነ።

ለምን ወዲያው መጥተው አልነገሩኝም? አለችኝ ሐኪሟ። ይለምዳል ብዬ አልኳት። ምኑ ነው የሚለምደው? አለች። እኔም የጫማውን ነገር ነገርኳት፣ ቆዳ ሲሄዱበት እንደሚለጠጥ፣ ሰው ትዕግሥት እንደሌለው። አዳመጠችኝ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ፣ ቆዳ ይለጠጣል አባት፣ ይሄ ግን አይለጠጥም፤ ይሄ ሲጠብብዎ የሚለጠጡት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ምራቴ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ እሳቸውም አይለጠጡም ዶክተር አለቻት። ሁለቱ ሴቶች በእኔ ላይ እንዴት እንደ ሳቁ ብታዪ። እኔም አፌ በብረት ተይዞ ባይሆን እስቅ ነበር። ሐኪሟ ኋላ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ እኔም ማደንዘዣው ሳይለቅዎ ልክ ነው ያሉትን አምኜ መስደድ አልነበረብኝም አለችኝ። ይሄን በማለቷ ክብሯ ጨመረብኝ። ሥራው ተበላሽቶበት አፉን ሞልቶ የሚናገር ባለሙያ ስንት አለ?

ሞረደችልኝ። ትንሽ ትሞርዳለች፣ ወረቀት ታስነክሰኛለች፣ ደግሞ ትሞርዳለች። አንድ ጊዜ ስነክስ ሁሉም ጥርሶቼ ተገናኙ። ስንት ጊዜ ተለያይተው የነበሩ። ለካ አፍ ሲገጥም ምንም ድምፅ የለውም፣ ምንም አይሰማም፣ ያ ምንም አለመሰማቱ ነው ደስታው። ይሄኛው ለጊዜው ነው፣ ጠርዙ ስለማይሆን ሌላ እሠራልዎታለሁ ብላ እንደገና ቅርጽ ወሰደች። ቁስሉም በሁለት ሳምንት ካልዳነ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ አለችኝ። ዳነ። ይዳን አይዳን በመስታወት ሳየው ምራቴ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች፤ እኔ የማላያት ሲመስላት እሷም ቁስሉን ታያለች።

አዲሱን ልታስገባልኝ ስትል ደግሞ ያደረግኋትን ስሚ። ከፍ ይላል? ትንሽ አልኳት። ሞረደች። አሁንስ? በዚህ በኩል ትንሽ። ሞረደች። አሁንስ አባት? ልክ ይመስላል፣ ግን እስቲ ማደንዘዣው ይልቀቀኝ አልኩና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ተመልሼ ገባሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አስሞረድኳት። በመጨረሻ ልክ ነው ስላት እጇን አነሣች፤ ምነው ያኔም እንዲህ ባስቸገሩኝ አለችኝ። ልወጣ ስል ቀኝ ጫማሽን ስጪኝና ተረከዙን ላስተካክልልሽ አልኳት። በምን ልሂድ ታዲያ? አለች። እውነቷን ነው፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። መቀየሪያ ጫማ ይዛ እንድትመጣ ተስማምተናል።

ወደ መጀመሪያው ቀን ልመልስሽ። የዚያን ቀን ከሐኪሟ ቤት ስንወጣ ፊት ፊት ሄድኩ። ዓይኔ ውሃ ያዘለ ነበር፤ ያ የሐኪሟ መብራት ዓይን ሳይነካ አይቀርም። ማዕዘኑ ላይ ዳቦ ቤት አለ። ገባሁና ትኩስ ዳቦ ገዛሁ፣ ያንን ጫፉ ጠንከር ያለውን። እኔ በመንገድ ላይ በልቼ የማላውቅ፣ የሚበላም ሰው ሳይ የምታዘብ፣ ጫፉን ቆርሼ በቀኝ በኩል ነከስኩ። ሲሰበር ቀጭ አለ። መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ሰው ገፍቶኝ ያልፋል፣ አንዱ ሽማግሌው ምን ሆኑ ይላል፣ እኔ እያኘክሁ ነው። ምራቴ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ ሌላኛውን ጫፍ ቆርሼ ሰጠኋት። አብረን እየበላን ሄድን። የዚያን ቀን ማታ የሠራችውን ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ነው የበላሁት። ጨው በዝቶት ነበር። ነገርኳት። ደስ አላት።

አሁን የሚከብደኝን ልጽፍ ነው። ከቀብር ስንመለስ በሰው ፊት ያልኩትን ታስታውሻለሽ። እንዳትዘጋው፣ የገባችበትን በር ክፍት ትተወው፣ ተከትያት መምጣቴ ነው ብዬ ነበር። አንቺም እንባሽን እየጠረግሽ፣ አትቸኩል፣ የትም አታመልጥህም አልሽኝ። ከዚያ ወዲህም በየደብዳቤዬ ምን ቀረኝ፣ ምን እጠብቃለሁ ስልሽ ኖሬአለሁ። ውሸቴን አልነበረም፣ እምልልሻለሁ። ግን መጣ ብዬ ባመንኩ ጊዜ፣ እዚያ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ቆዳ ስቆርጥ፣ እህትሽ ጋ ልሄድ ነው ብዬ አላሰብኩም። አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። የማስበው የዚህችን ልጅ እግር ነው። ጣራው በሚቀጥለው ዝናብ ያፈስ ይሆን እያልኩ ነው። የዳቦ ጫፍ አማረኝ። ሐኪሟ ክፉ ነገር የለብዎትም ስትለኝ ደስ አለኝ፤ ትንሽም አይደል፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ያን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አላውቅም ነበር። ለእህትሽ በልቤ ነግሬያታለሁ። ላንቺም ልንገርሽ ብዬ ነው። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም፤ ግን የምትቀየሚኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ፎቶዋን መልሺልኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ነጭ ምልክት ዓይኔን አስቸግሮኛል። መቀሱንም ምራቴ ትፈልገዋለች። ሻሹ ግን ካንቺ ጋ ይቆይ፤ ሽታዋ አሁንም ካለበት ላንቺ ይገባል።

ጫማዎቹን ምን አደረግሃቸው ትይኝ ይሆናል። ሁለቱን ትንንሾች ተውኳቸው፣ አንዱን እንዲያውም አድርጋዋለች፣ ስትሮጥበት ደስ ይላል። ትልልቆቹን ፈታኋቸው። ምራቴ ያሳዝናሉ፣ ይቀመጡ ብላኝ ነበር። ተቀምጦ ቆዳው ይደርቃል፤ እግሯ ሲደርስ ለክቼ እሰፋላታለሁ አልኳት። ይሄን ስላት ወደ ጓዳ ገባች።

ከፈታሁት ውስጥ ለአንድ ሴት ጫማ የሚበቃ ደኅና ቆዳ ተርፎኛል። ለምራቴ ቀድሜ ሰፍቼላታለሁ። ስለዚህ ያንቺ ነው። መጀመሪያ እግርሽን ወረቀት ላይ አስምረሽ ላኪልኝ ልልሽ ነበር። ግን ወረቀት የእግርን ስፋት እንጂ ከፍታውን አይናገርም፤ ደግሞ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አረማመዱ ካልታየ የሚሰፋለት ጫማ ሁሉ መላ ምት ነው። ስለዚህ እግርሽን ይዘሽ ነይ። ልጄ በሚቀጥለው ሲመለስ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጥሻል፣ አዝዤዋለሁ። ዶሮዎቹን ለጎረቤትሽ ስጫት፣ ድመቷ ብታኮርፍም ትመለሳለች። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ምራቴ ጠርጋዋለች፣ መስኮቱ ይጮህ ነበር፣ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ስንት ቀን እቆያለሁ ብለሽ ደግሞ አትጠይቂኝ። ጫማ ልክ እስኪሆን ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ እንደሆን አሁን አልቸኩልም።

ደጅሽ ሰላም ይሁን። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ የእናትና የአባትሽ ምርቃት አይለይሽ፣ የበላሽው ይስማማሽ። ምራቴ እጅ ትነሣለች፣ ልጅቱ ትስምሻለች። ያቺ ሟችም ካለችበት ሆና ይቅር ትበለን፤ እኔን በሕይወት ለመቆየቴ፣ አንቺን ደግሞ ወደ ቤቷ ለመምጣትሽ።

ዋርሳሽ፣ ጫማ ሰፊው